መጥኖ መደቆስ

በአዲስ አበባ ሳሎኖች አንድ አዲስ ጌጥ ብቅ ብሏል። ቡፌው ላይ፣ ከሠርጉ ፎቶግራፍና ከብርጭቆው ድርድር መሐል ጉብ ብሎ ይታያል። ብረቱ ያብረቀርቃል፤ ግንባሩ ላይ ሰዓት የመሰለ የግፊት መለኪያ አለው፤ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ለብሷል። የኤስፕሬሶ ማሽን ነው። ባለቤቱን «ይሠራል?» ብለው ቢጠይቁት «መጀመሪያ ሰሞን ሞክረነው ነበር፤ እንደ ካፌው አልሆን አለን» ይልዎታል። ወዲያው ጀበናው ይጣዳል።

ማሽኑ አልበደለም። የጎደለው መፍጫው ነው። በቤቴ ኤስፕሬሶ ልጠጣ ብሎ የተነሳ ሰው፣ በተለይም ብሩ የተቆጠረ ሰው፣ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው የቡና መፍጫውን ነው፤ ማሽኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ገበያው ግን የሚያስተምረን የዚህን ተገላቢጦሽ ነው። ብዙ ቤተሰብም የወር ደመወዙን፣ ወይም ዘመድ ከውጭ የላከለትን ገንዘብ፣ ለጌጥ ሲያፈስ ይታያል። ክርክሬ ከዚህ ጋር ነው።

የሚያስገርመው ይህን ስህተት የምንሠራው እኛ መሆናችን ነው። እናቶቻችን ቡናውን አጥበው ቆልተው፣ ጭሱን ለእንግዳው አሽትተው፣ እዚያው ሙቀጫ ውስጥ ወቅጠው ጀበና ውስጥ ይጨምሩታል። ፍሬው ከምጣድ እስከ ሲኒ የሚቆየው አንድ ሰዓት ቢሞላው ነው። ያለፈው ወር ዱቄት በሚያምር ጀበና አፍልታ «ቡና ጠጡ» ብላ ጎረቤት የጠራች ሴት ምን ስም ይወጣላት እንደነበር አረጋውያንን መጠየቅ ነው። በዚህ አገር የሙቀጫና የዘነዘና ነገር ከጀበናው ያነሰ ክብር ኖሮት አያውቅም። እንግዲህ የኤስፕሬሶ ማሽን ማለት ጀበና ነው፤ መፍጫው ደግሞ ሙቀጫ። የወርቅ ጀበና ገዝቶ ሙቀጫ የሌለው ቤት ምን ይባላል?

እንዲያውም ጀበና ይቅር ባይ ነው። ዱቄቱ ትንሽ ቢሻክር ጥቂት ይንተከተካል፤ ከዚያ ይሰክናል፤ አተላው ይዘቅጣል። ኤስፕሬሶ ግን ይቅርታ አያውቅም። ኤስፕሬሶ ማለት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ፣ 9 ባር በሚያህል ግፊት፣ በተጠቀጠቀ የቡና ዱቄት ውስጥ ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚወጣው ወፍራም መጠጥ ነው። ባለሙያዎች ዛሬ ለመነሻ የሚይዙት ስሌት ቀላል ነው፤ 18 ግራም ዱቄት፣ 36 ግራም መጠጥ፣ ከ25 እስከ 30 ሰኮንድ።

በዚህ ስሌት ውስጥ ሰኮንዱን የሚወስነው ማን ነው? ማሽኑ የሚያውቀው መግፋት ብቻ ነው። ውሃውን የሚያዘገየው ወይም የሚያስፈተልከው የዱቄቱ መላም ወይም መሻከር ነው። ዱቄቱ ከሻከረ ውሃው በ10 ሰኮንድ ይፈተለካል፤ ሲኒው ውስጥ የሚገኘውም ኮምጣጣ እጣቢ ነው። ከመጠን በላይ ከላመ ጠብታው ይቆማል፤ ጠብ ጠብ ብሎ የሚወጣውም የመረረ ነው። ግማሹ ልሞ ግማሹ ከሻከረ ደግሞ ውሃው ቀላሉን መንገድ ፈልጎ በአንድ ወገን ይሾልካል፤ ያን ጊዜ ምሬቱም ኮምጣጣነቱም በአንድ ሲኒ ውስጥ አብረው ይቀመሳሉ። ማሽኑ ላይ ያለው ማብሪያና ማጥፊያ ነው። የጣዕሙ መዘውር የተተከለው መፍጫው ላይ ነው። ካፌ ገብታችሁ ከማሽኑ ጎን የቆመውን መፍጫ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሥራውን የሚያውቅ ቡና አፍይ ጠዋት ያስተካከለውን ከሰዓት በኋላ እንደገና ሲያዞረው ታገኙታላችሁ።

«ታዲያ ለምን ማሽኑ ይወደሳል?» የሚል ቢኖር፣ መልሱ ከታሪኩ ይገኛል። አንጄሎ ሞሪዮንዶ በቶሪኖ ከተማ በእንፋሎት የሚሠራ የቡና ማሽን ያስመዘገበው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1884 ነው። በ1901 ሉዊጂ ቤዜራ በሚላኖ አሻሻለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አኪሌ ጋጂያ በእጅ በሚጎተት ዘንግ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያን ወርቃማ አረፋ አስገኘ። በ1961 ፋኤማ የተባለው ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚገፋውን ማሽን አወጣ። እነዚህ ሰዎች በተለይ የተጨነቁበት ጥያቄ ውሃውን እንዴት እንግፋው የሚለው ነበር። ጥያቄው ከተመለሰ ከ60 ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ በርካሹ የቤት ማሽን ውስጥ የተቀመጠችው ትንሽ ፓምፕ እንኳን 9 ባር መስጠት አያቅታትም። ግፊት ረክሷል። ፍሬን በእኩል መጠን የሚያደቅ፣ ሳይወላገድ የሚዞር የብረት ጥርስ መሥራት ግን ዛሬም ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ገንዘባችን መሄድ ያለበት ዛሬም ውድ ወደሆነው ነገር ነው።

ነጋዴው ግን የረከሰውን ነገር በትልቅ ቁጥር ጽፎ ይሸጥልናል። ካርቶኑ ላይ «15 ባር»፣ «20 ባር» የሚል ይነበባል። ገዢውም 20 ከ15 ይበልጣል ብሎ ይከፍላል። ቁጥሩ ፓምፑ መውጫ ሲያጣ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ቡናው የሚፈልገው 9 ነው። ጤፍ ለመግዛት የሄደ ሰው «ጆንያው መቶ ኪሎ ይችላል» ቢባል ለጆንያው አይከፍልም፤ ለማሽን ሲሆን ግን እንከፍላለን።

ሌላም ማታለያ አለ። በርካሽ ማሽኖች ውስጥ ያለውን የቡና ወንፊት ገልብጣችሁ ተመልከቱ። ከውስጥ ብዙ ቀዳዳ፣ ከውጭ ግን አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ካለችው ግድግዳው ድርብ ነው። ግፊቱን የሚፈጥረው ቡናው መሆኑ ቀርቶ ያቺ ቀዳዳ ትሆናለች፤ የከረመ ዱቄት ቢገባበትም አረፋ ይተፋል። አረፋው ዓይን ይሞላል እንጂ ጣዕም አይሰጥም። ይህ ወንፊት የተሠራው መፍጫ ለሌለው ሰው ነው። ለጊዜው ያገለግላል፤ ግን እርሱን ይዞ «ኤስፕሬሶ እንዲህ ነው» ብሎ መደምደም ከውሃ የቀጠነ ጠላ ቀምሶ የጠላን ሥም እንደማጥፋት ነው።

ከተማችን ውስጥ ስማቸውን መጥራት የማያስፈልገኝ ሦስት መደብሮች ገብቼ መፍጫ ጠይቄ ነበር። ማሽኑ በየዓይነቱ ተደርድሯል። መፍጫ ብለው ያወጡልኝ ግን ሦስቱም ጋ ባለ ምላጩን ነው፤ ቅመምም ይፈጫል፣ ለውዝም ይፈጫል እየተባለ የሚሸጠውን። ባለ ምላጩ ቡናን ይከትፋል እንጂ አይፈጭም፤ ክትፎ ደግሞ በወንፊት ውስጥ ውሃ አያዘገይም። ለኤስፕሬሶ የሚያስፈልገው ሁለት ጥርሶች ተቃቅፈው የሚዞሩበት፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በጥቂት በጥቂቱ ማጥበብና ማስፋት የሚቻልበት መፍጫ ነው። «ምላጭ ነው ወይስ ጥርስ? እርምጃውስ ምን ያህል ደቃቅ ነው?» ብሎ ያልጠየቀ ገዢ ገና አልገዛም።

ክርክሩን የሚያከሩ ወገኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ «ኤስፕሬሶ የጣሊያን ነው፤ እኛ ጀበና እያለን ምን አስጨነቀን?» ይላሉ። ለእነዚህ የምመልሰው ፍሬው የማን እንደሆነ በማስታወስ ነው። ደግሞስ ማኪያቶ የሚለውን ቃል ከአማርኛ ማን ያወጣዋል? ቶሞካ በአዲስ አበባ ከተከፈተ ከ1953 (እንደ ፈረንጆች) ጀምሮ ስንት ትውልድ ቆሞ ጠጥቶበታል። የቤቱ ስም ራሱ «ዘመናዊ የቡና መቁያ» የሚል የጣሊያንኛ ሐረግ ምህጻር ነው። ማሽን አላለም፤ መቁያ አለ። የቀደሙት ጣሊያኖች እንኳን ክብሩን የሰጡት ለፍሬው አያያዝ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ስምንት እንግዳ በተቀመጠበት ቤት የቤት ማሽን ዋጋ የለውም። አንድ ማፍያ ያለው ትንሽ ማሽን ቡናውን አውጥቶ፣ ለወተቱ እንፋሎት እስኪሞቅ ጠብቆ፣ አንዱን ማኪያቶ በደቂቃዎች ነው የሚያደርሰው። ስምንተኛው እንግዳ ሲደርሰው የመጀመሪያው ጫማውን እያሰረ ነው። ለቡና ማኅበር ጀበና ይበቃል፣ ይበልጣልም። ማሽኑ ለጠዋቷ አንድ ሲኒ፣ ለሁለት ሰው ነው።

ሁለተኛዎቹ «ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው፤ ባለ ብዙ ሺህ ዶላር ካልሆነ አይሞከርም» የሚሉ ናቸው። እነዚህ ደግሞ ካሰቡት በላይ ጎጂ ናቸው፤ ምክንያቱም ድሃውን ተስፋ አስቆርጠው ወደ ባለ አረፋው ካርቶን ይገፉታል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሰማይ መንካቱን ማንም አይክደውም። ዋጋው ሰማይ ሲነካ ግን ቅደም ተከተል ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አይቀርም።

እንግዲህ ገንዘቡን እንዲህ እንክፈለው። በጠቅላላው 300 ዶላር የሚያህል ያለው ሰው ከ100 እስከ 150 የሚሆነውን ለመፍጫ ያውል። በዚህ ዋጋ ለኤስፕሬሶ የሚበቃ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መፍጫ ማግኘት ይከብዳል፤ የብረት ጥርስ ያለው በእጅ የሚዞር ግን ይገኛል። ለአንድ ጊዜ የሚሆነውን 18 ግራም ለመፍጨት አንድ ሁለት ደቂቃ ክንድ ማሠራት ነው፤ ዘነዘና ያነሳ ክንድ ይህን ድካም አይለውም። መብራት ቢጠፋም መፍጫው ሥራ አይፈታም። በቀረው ገንዘብ ደህና ፓምፕ ያለው ቀላል ማሽን ይግዛ፤ ሲገዛም ግድግዳው ነጠላ የሆነ ወንፊት የሚገጥምለት መሆኑን ያረጋግጥ። አንዲት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይጨምርበት።

ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃስ? መፍጫው ይቅደም። ማሽኑ እስኪደርስ ድረስ በምድጃ ላይ የምትጣደው የጣሊያን ሞካ ማፍያ አለች፤ አልፎንሶ ቢያሌቲ በ1933 ያወጣት። ግፊቷ ከ2 ባር ስለማይበልጥ ኤስፕሬሶ አትሆንም፤ ነኝም አትልም። በአዲስ የተፈጨ ቡና ግን ታከብራለች። መፍጫ ያለው ሰው ማሽን እስኪገዛ ጥሩ ቡና ይጠጣል፤ ማሽን ብቻ ያለው ሰው ግን መፍጫ እስኪገዛ ድረስ ዳንቴል ያጥባል።

ዘመድ ከዋሽንግተን «ምን ላምጣልህ?» ሲል ደግሞ ማሽን አትበሉ። የአሜሪካ ማሽን የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ ሶኬት 220 ነው። በቀጥታ የሰካው ያቃጥለዋል፤ ያልሰካውም ከሺህ ዋት በላይ የሚሸከም ከባድ ትራንስፎርመር ሲፈልግ ይኖራል። የእጅ መፍጫ ቮልት አይጠይቅም፤ ከሻንጣ ውስጥ በካልሲ ተጠቅልሎ ይገባል። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚመጣው ማሽን በቮልት በኩል አያስቸግርም።

ከፍታችንንም አንርሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ማሽኑ ውሃውን ከዚያ በላይ ሲያሞቀው ቡና ሳይገጠምበት ከተከፈተ እየፏጨ በእንፋሎት ይወጣል፤ ብዙ ሰው ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ጩኸቱ እስኪበርድ ጥቂት አፍስሶ ቡናውን መግጠም ነው። በእጅ ተጭነው የሚጠቀሙበትን ማሽን የመረጠ ደግሞ ከማንቆርቆሪያው የፈላውን ውሃ ሳያቀዘቅዝ ያፍስስ።

ስለ ፍሬው አንድ ነገር ልጨምር። ለጀበና ተቆልቶ ወዲያው መወቀጡ ወግ ነው። ለኤስፕሬሶ ግን ከተቆላ ጀምሮ ከአምስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ቢያርፍ ይሻላል፤ በውስጡ የታመቀው ጋዝ ካልቀነሰ ግፊቱን ያውከዋል። የተፈጨ ከሆነ በኋላ ግን ማረፍ ብሎ ነገር የለም፤ መዓዛው በደቂቃዎች መጥፋት ይጀምራል። ከአገሩ ቡና ግማሽ ያህሉን ራሱ የሚጠጣ ሕዝብ፣ ቆይቶ መዓዛው የወጣ ዱቄት በሚያምር ከረጢት ሲገዛ ማየት ያሳፍራል።

አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ስለ ወጥ ነበር። መመጠን ሚዛኑ ነው፤ መደቆስ መፍጫው ነው፤ ድስቱ ማሽኑ ነው። ስለዚህ መደብር ስትገቡ ሻጩ ባሩን ቆጥሮ፣ ብረቱን ጠርጎ፣ እንፋሎቱን አስፏጭቶ እስኪጨርስ በትዕግሥት ስሙት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፤ «መፍጫውስ?» መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።