ስልኩ አርባ ምንጭን እንጂ እማዬን አያውቃትም

ለእህቴ ልጅ ሰርግ ወደ አርባ ምንጭ ልንሄድ ነው። ዋዜማውን ማታ ከልጄ ጋር ኮምፒውተር ላይ ካርታ ከፍተን በዓለም ገና፣ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ እንዲያልፍ መስመሩን በማውዝ እየጎተትን አስተካከልን። ቡታጅራ የግድ ነበር፤ እማዬን ከዚያ ነው የምንወስዳት። «ሁለት ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር ጠብቂን» አልኳት።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ወጣን። ልጄ ይነዳል፤ እኔን ከኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት መኪናው የፍጥነት መንገዱ መክፈያ ላይ ሲቆም ነው። ሞጆ!

«እዚህ ምን እናደርጋለን?»

«ስልኩ ነው በዚህ ሂድ ያለኝ። አያቴ መንገዳችን ላይ ናት አላልሽም?»

አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው። በቆቃና በመቂ አድርገን ባቱ ስንደርስ ወደ ምዕራብ ታጥፈን ቡታጅራ ስንገባ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል። እማዬ ቆጯንና አይቧን እግሯ ሥር አስቀምጣ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ስልኳ ባትሪ ጨርሷል። «መንገድ ላይ አንድ ነገር ሆነዋል ብዬ ስሳል ቆየሁ» አለችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እናንተዬ፣ ጥፋቱ የልጁም የስልኩም ብቻ አልነበረም። ማታ የጎተትነው መስመር ኮምፒውተሩ ላይ ቀርቷል። ልጄ ጠዋት ያለ ኢንተርኔት በሚሠራው መተግበሪያ የጻፈው «አርባ ምንጭ» የሚለውን ብቻ ነው። መድረሻውን እንጂ መንገዱን አልነገረውም። እንዲህ ያሉ ብዙ መተግበሪያዎች ካርታቸውን የሚወስዱት ከአንድ ቦታ፣ ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ሆኖም ለየመንገዱ የሚሰጡት የፍጥነት ግምት ስለሚለያይ በአንድ ካርታ ላይ ሁለት የተለያየ መንገድ ሊመርጡ ይችላሉ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ የምናልፍባቸውን ከተሞች በቅደም ተከተል እንደ መቆሚያ ስልኩ ላይ እንጨምራለን። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩም ስልኩም የሚፈቅዱ ከሆነ መስመሩን ጂፒኤክስ በሚባል ፋይል አውጥተን እናሻግራለን። ፋይሉ ሲወጣ «ትራክ» የሚለውን እንመርጣለን፤ እሱ የሠራነውን መስመር እንዳለ ይይዛል። «ሩት» የሚለው ግን ነጥቦችን ብቻ ሊይዝ ስለሚችል ስልኩ በነጥቦቹ መካከል የራሱን መንገድ ሊያሰላ ይችላል። ሦስተኛ፣ ኢንተርኔቱን ዘግተን እዚያው ቤት ውስጥ እንፈትነዋለን። የሁለቱ ኪሎ ሜትር በብዙ ከተለያየ የሆነ ቦታ ላይ ተለያይተዋል ማለት ነው፤ መስመሩን በጣት እየተከተልን የተለያዩበትን ከተማ ፈልገን መቆሚያ እናደርገዋለን። አራተኛውና ዋናው፣ ሹፌሩ መንገዱን በቃሉ ለቤተሰቡ ይናገራል። መንገድ ላይ ሰው የሚጠብቅ ከሆነም የዚያን ሰው ስም አብሮ ይጠራል።

ሰርጉ አልቆ ልንመለስ ስንል ልጄ ስልኩን ይዞ ከተሞቹን አንድ በአንድ ሲያስገባ እማዬ አጠገቡ ተቀምጣ ታየዋለች።

«አሁንስ እኔን ጻፍከኝ?» አለችው።

«ቡታጅራን ጽፌያለሁ፣ አያቴ።»

«እሱ ይበቃል። እንዳትረሳኝ ብዬ ነው እንጂ መንገዱንማ እኔም አሳይሃለሁ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ከፊት ወንበር ገባች።