ቲቸር፣ ኮዱን ማን ያየዋል?

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው፤ ታገሱኝ።

አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ለጫማ ሱቅ ዌብሳይት ሠርቶ "ቲቸር፣ እስቲ ይዩልኝ" አለኝ። አየሁት፤ ያምራል። ከዛ ከጀርባ ያለውን ኮድ ከፈትኩት። "አማካይ ነጥብ 4.9፣ የሰጡት ሰዎች 312" ይላል። ገጹ ላይ ግን አንድም የደንበኛ አስተያየት የለም። ሱቁ ከተከፈተ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው! ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ቲቸር፣ ኮዱን ማን ያየዋል?"

ጎግል ያየዋላ! የተጻፈው ለሱ አይደል እንዴ?

ለማታውቁት፦ ይሄ ስኪማ የሚባለው ነው። ጎግል፣ ቢንግ እና ያሁ በ2011 እ.ኤ.አ. ተስማምተው ያወጡት የጋራ መዝገበ ቃላት ነው። ሰው ገጹን ሲያይ የቱ ዋጋ፣ የቱ የእቃው ስም እንደሆነ ይገባዋል፤ ማሽን ግን ሊምታታበት ይችላል። ስለዚህ ስሙን፣ ዋጋውን፣ የገንዘቡን ዓይነት፣ እቃው መኖር አለመኖሩን ለይተን እንጽፍለታለን። ጎግልም ከፈለገ በፍለጋው ውጤት ላይ ዋጋውንና ኮከቡን ያሳያል።

በአጭሩ እቃ ላይ የሚለጠፍ የዋጋ ወረቀት በሉት። ወረቀቱ ላይ 2500 ብር ጽፎ ውስጥ ስትገቡ 3200 የሚላችሁ ነጋዴ ምን ይባላል? አጭበርባሪ! ማንም ያልሰጠውን ኮከብ የሚለጥፍስ? የራሱን ፈተና ራሱ አርሞ መቶ የሰጠ ተማሪ ማለት ነው።

"ሁሉም ያደርገዋል" አትበሉኝ። ስትኮርጁ ስይዛችሁም የምትሉኝ ይሄንኑ ነበር። የጎግል ደንብ ግልጽ ነው፤ ገጹ ላይ ለሰው የማይታይ ነገር ኮዱ ውስጥ አይጻፍም። ከተደረሰበት ኮከቡም ዋጋውም ከፍለጋው ላይ ሊነሳ ይችላል። ያኔ የሚጎዳው ክፍያውን ተቀብሎ የሄደው ልጅ አይደለም፤ ኮድ ምን እንደሆነ የማያውቀው ባለ ሱቅ ነው።

ደግሞ "ይሄን ካስገባሁልህ ጎግል ላይ አንደኛ ትወጣለህ" እያላችሁ ብር የምትቀበሉ፣ ተዉ። አንደኛ አያወጣም።

ያለውን ጻፉ። 2500 ከሆነ 2500። እቃው ካለቀ ኮዱም "አልቋል" ይበል፤ ሰው ከአያት መርካቶ ድረስ ታክሲ ከፍሎ ባዶ እጁን አይመለስ። አስተያየት ከሌለ ቦታውን ተዉት። አዲስ ሱቅ መሆን ነውር አይደለም።

ልጁ ማታ ደውሎ "አጠፋሁት ቲቸር" ብሎኛል። ጎበዝ! እናንተስ?