ቤት ነው የምትውለው

«ኮምፒውተር ግዛና ቤትህ ቁጭ ብለህ ሥራ!» ይህን ምክር ለማንም ሰጥቶ የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ሬዲዮው ይመክራል፤ ሹሙ ይመክራል፤ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣው አጎት ያገለገለ ላፕቶፕ ከሻንጣው አውጥቶ ለእህቱ ልጅ እያስረከበ ይመክራል። ምክሩ ክፉ አይደለም። የሱቅ ኪራይ የለበትም፤ የታክሲ ሰልፍ የለበትም፤ ሕፃን የያዘች እናት ልጇን ከዓይኗ ሳታርቅ ልትሠራው ትችላለች። እኔም ስመክር ኖሬአለሁ፤ ነገም እመክራለሁ። ጠቤ ከመካሪዎቹ ጋር ነው። ምክሩን ሰምቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ የጀመረውን ሰው «ሥራ ፈት» የሚሉት፣ የላቡን ዋጋ የሚቆርጡበት፣ ፈቃድ ሲጠይቅ «ቢሮህ የት ነው?» ብለው የሚመልሱት እነዚሁ መካሪዎች ናቸውና።

እስቲ አነጋገራችንን ልብ በሉት። ሰው ሥራ «ይገባል»፤ ከሥራ «ይወጣል»። ሥራ በአማርኛችን በር አለው፤ ዘበኛ አለው፤ የሰዓት መፈረሚያ መዝገብ አለው። «ቤት ዋለ» ማለት ግን ወይ ታመመ፣ ወይ ተባረረ፣ ወይ ሰነፈ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ደመወዝተኛው ማልዶ የሚሄድበትን ቦታ የምንጠራው «መሥሪያ ቤት» ብለን ነው። ቤት ነዋ! ሻይ እየተጠጣ፣ ጋዜጣ እየተገላበጠ አምስት ሰዓት የሚሆንበት ቤት መሥሪያ ቤት ይባላል፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የቁልፍ ድምፅ የማይቋረጥበት ቤት ግን ቤት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና በቃል ላይ እንዲህ ሙጭጭ ማለቴ አይፈረድብኝ።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ በ1999 ዓ.ም. በእቁብ ገንዘብ አንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ገዝታ፣ ተከራይታ በምትኖርባት አንዲት ክፍል ውስጥ ሥራ ጀመረች። አማርኛ ትተይባለች፤ የመጽሐፍ ገጽ ታቀናጃለች፤ አርትዖት ትሠራለች፤ ከእንግሊዝኛ ትተረጉማለች። ዛሬ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዋ ያው ነው፤ የሰዉም አመል ያው ነው።

ደንበኛ ፍላሽ ይዞ ይመጣል። «ይቺን ብቻ ነካ ነካ አድርጊልኝ» ይላል። «ይቺ» የተባለችው 140 ገጽ ናት። ዋጋ ስትነግረው ክው ይላል። «ኧረ እህቴ! ኮምፒውተሩ አይደል እንዴ የሚሠራው?»

ኮምፒውተሩ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። አማርኛ ሲተየብ ብዙው ፊደል ሁለት ቁልፍ ይጠይቃል፤ አንዱ ለተነባቢው፣ ሌላው ለአናባቢው። ስለዚህ የተይባዊቷ ጣቶች ገጹ ላይ ከምናየው ፊደል ቁጥር እጅግ የበዛ ጊዜ ይወርዳሉ። ይህ እንግዲህ ቀላሉ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር የየራሱ ስውር ቋንቋ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። ደንበኛው «ተጽፎ ያለቀ» ብሎ የሚያመጣው የድሮ ፋይል ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። እሱን ወደ ሰው ቋንቋ መመለስ አለ። ሲመለስ የተዛቡትን ፊደሎች አንድ በአንድ መልቀም አለ። በአንዱ አንቀጽ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» የሚለውን ጸሐፊ ከራሱ ጋር ማስታረቅ አለ። አራት ነጥብ የት እንደሚወድቅ የማያውቅ ዶክተር የጻፈውን ዓረፍተ ነገር ከሦስት መክፈል፣ ከዚያም ዶክተሩ እንዳይቀየም ማባበል አለ። ይህን ሁሉ ማን ሠራው? ኮምፒውተሩ!

በ2008 ዓ.ም. ጎግል አማርኛ መተርጎም ሲጀምር ደግሞ ሌላ ዓይነት ደንበኛ ተወለደ። ጽሑፉን በማሽን አስተርጉሞ ይመጣና «ተተርጉሟል እኮ፤ አንቺ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት ብቻ» ይላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጡት ማሽኖች አማርኛቸው ለስለስ ብሏል፤ አልክድም። ግን ለስላሳ ስሕተት ከሻካራ ስሕተት ይከፋል። ሻካራው ከሩቅ ይጮኻል፤ ለስላሳው «አከራይ» የነበረውን «ተከራይ» አድርጎ በሰላም ያልፋል። እሱን ለመያዝ ዋናውንና ትርጉሙን ጎን ለጎን አስቀምጦ ቃል በቃል ማስተያየት ያስፈልጋል። ድካሙ እንደ አዲስ ከመተርጎም አያንስም፤ ክፍያው ግን «ለዓይን ጣል» በሚል ሒሳብ በግማሽ ወረደ። ለመሆኑ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «በሽታዬን ራሴ አውቄዋለሁ፤ አንተ መርፌውን ውጋኝ፤ የምርመራውን አልከፍልም» ትላላችሁ?

ደንበኛውስ ባዕድ ነው እንበል። ዘመድ ይብሳል። ቀብር ሲኖር ድንኳን ለማስተከል ማን ይሂድ? «እሷ ቤት ነው የምትውለው።» የቧንቧ ሠራተኛ ሲመጣ በር ማን ይክፈት? የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማን ይቀበል? እሷ። ባንክ የምትሠራው እህቷ ለቅሶ ብትቀር «ፈቃድ ከልክለዋት ይሆናል፣ ምን ታርግ» ይባልላታል። እሷ የቀረች ቀን ግን «ኮምፒውተር ላይ ተጥዳ ነው» ተብሎ ይወራል፤ ፊልም ስታይ የዋለች ይመስል። ወንዱንም አይምሩትም፤ እናቱን «ልጅሽ ሥራ ያዘ ወይ?» እያሉ ያሳቅቋታል። ሆኖም ሴቷ ላይ ይከብዳል። «ባለሙያ ናት» ስንል ወጥ ትችላለች ማለታችን የሆነበት አገር ውስጥ፣ እቤቷ ተቀምጣ ወጥ ያልሆነ ሙያ የምትሠራ ሴት የምትገባበት ቃል የለንም።

የአከራይዋን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ወር «ኮምፒውተሩ ቆጣሪ ጨረሰብኝ» ብለው እትዬ ኪራይ ጨመሩባት። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲግል 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ያ አሮጌ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 200 ዋት ቢወስድ ነው። እትዬ ምጣዱን አንድ ሰዓት አግለው የሚያቃጥሉት ኃይል ኮምፒውተሩን 17 ሰዓት ያሠራዋል። 50 ዋት የሚበቃውን ላፕቶፕማ 70 ሰዓት! ታዲያ ይህን ለማን ታስረዳለህ? ምጣዱ ኑሮ ነው፤ ኮምፒውተሩ ቅንጦት ነው።

ይህ በሽታ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ አይደለም። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ሸክላ ሠሪዋንና ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» ስንል የኖርን ሕዝብ ነን። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ሠራተኛውን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ መወርወሪያውን የሚወረውረው እመኖሪያው ውስጥ ነው። ኩታውን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን እንስማለን፣ ሠርግ እንሄዳለን፤ እሱን ግን ወንበርና ጠረጴዛ ስለሌለው ከሠራተኛ አንቆጥረውም። ኮምፒውተሩ ወንበርና ጠረጴዛ አመጣለት ብንል እንኳ ቤት ውስጥ በመሆኑ ያው ሆነ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ዘመናዊ ሆነ እንጂ አልተሻረም።

አሁን ወደ መንግሥት ደጃፍ። በ2006 ዓ.ም. ይህች ተማሪዬ ንግድ ፈቃድ ላውጣ ብላ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ሕግ አክባሪነት ብቻ አልነበረም የገፋት፤ ደረሰኝ ያላቸው ትልልቅ ድርጅቶች ጋር ለመሥራት ሌላ መንገድ ስላልነበራት ነው። ድርጅቱ ሥራ ሲሰጥ ማኅተም ያረፈበት ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል፤ ሲከፍል ደረሰኝ ይጠይቃል። ጸሐፊው ጠየቃት፤ «ቢሮሽ የት ነው?»

«ቤቴ ነው።»

«እሱማ መኖሪያ ነው። የሱቅ ኪራይ ውል አምጪ።»

«ሱቅ ምን ያደርግልኛል? ደንበኞቼ ሥራ የሚልኩልኝ በኢሜይል ነው።»

«እህቴ፣ ሌላ ባለጉዳይ እየጠበቀ ነው።»

ተመለሰች። ከዚያስ? ከዚያማ ማኅተምና ደረሰኝ ያለው፣ መስታወት በር ያለው፣ ግን «አርትዖት» ከሚለው ቃል በቀር ስለ አርትዖት የማያውቅ ሰው ሥራውን ከድርጅቱ ይቀበላል። ለእሷ ይሰጣታል። ከተከፈለው ሢሶውን ይወረውርላታል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በመጣ ጊዜ ደግሞ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያላቀረበ አገልግሎት ሰጪ ከክፍያው ላይ 30 በመቶ እንዲያዝበት ደነገገ። የመለያ ቁጥር እንኳ ይገኝ ነበር፤ የሒሳብ ሹሞቹ ግን ቁጥሩ ያለ ንግድ ፈቃድና ያለ ደረሰኝ አልበቃቸው አለ። የመስታወቱ በር ባለቤት ወፈረ። ዛሬ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ በኢንተርኔትም ይስተናገዳል፤ መልካም ነው። የድርጅቶቹ ሒሳብ ክፍል ኃላፊ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ታፔላ ግን በኢንተርኔት አይነሣም። እሱ አሁንም «መጥተን ቢሮውን እንየው» ይላል።

የሚያናድደኝ፣ ቤት ሆኖ መሥራት ሥራ መሆኑን ይህ ኅብረተሰብ አያውቅም እንዳንል፣ ያውቃል። በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ ብዙው የመንግሥት ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ተነገረው። ያን ሰሞን ማንም አቶ እገሌን «ቤት ነው የሚውለው» አላለም። «ከቤት እየሠራ ነው» ተባለ፤ ድምፅ ቀንሱ ተባለ፤ ልጆች በጓዳ በኩል እንዲያልፉ ተደረገ። ደመወዙም ሳይጎድል ገባ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያው ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ስትሠራ የኖረችው ተማሪዬ ግን ያን ሰሞን ምን የተባለች ይመስላችኋል? «አንቺማ ለምደሽዋል፤ አንቺን ኮሮና ምን ይነካሻል!»

ነካት እንጂ። ሥራ ቀነሰ። ሦስት ወር እንዳለፈ፣ ሰኔ 23 ቀን 2012፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ለሳምንታትም ቆየ። ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ደንበኛዋ የመጽሐፍ ረቂቅ ልኮላት ነበር። ይደውልና ይጨቀጭቃል፤ ሥራው አልቆ ኮምፒውተሯ ላይ ቁጭ ብሏል፤ መላኪያ የለም። በመጨረሻ ለሌላ ሰጠው። ባለ ሱቁ በር ሲዘጋበት ሁሉም ያየዋል፤ ያዝንለታል፤ ካሳም ይጠየቅለት ይሆናል። የእሷ በር ሲዘጋ ግን ቁልፍ አይታይ፣ ታፔላ አይታይ፤ ማን ልብ ይላል? በትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል መስመሩ ተቆርጦ ሲኖር ስንት እንዲህ ያለ የማይታይ ሱቅ እንደተዘጋ የቆጠረ አለ?

በሐምሌ 2016 ደግሞ 5 ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን ዕቅድ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር ተጀመረ። ይሠልጥኑ! ማን ይጠላል? ልጆቹ ቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት ይማራሉ፤ ምስክር ወረቀት ያገኛሉ። ጥያቄዬ ከምስክር ወረቀቱ ማግስት ላይ ነው። ልጁ ሥራ ቢያገኝ፣ ያውም ቤቱ ሆኖ የሚሠራው፣ እናቱ ለጎረቤት ምን ብላ ትናገራለች? የሚከፍለው ድርጅት በምን ደረሰኝ ይከፍለዋል? አከራዩ መብራቱን ሲያጠፋበት ለማን አቤት ይላል? ፕሮግራም መጻፍ ይከብዳል ይባላል፤ አባትን «ይሄ ሥራ ነው» ብሎ ማሳመን ሳይከብድ አይቀርም።

«ቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ግብር ይሰውራሉ፤ ሕጋዊውን ነጋዴ ያከስራሉ» የሚል መከራከሪያ እሰማለሁ። የሚሰውር ይኖራል፤ ባለ ፎቁም ውስጥ እንዳለ ሁሉ። ይህች ሴት ግን መዝግቡኝ፣ ግብር ልክፈል ብላ ለምና ነው የተመለሰችው። በልመናም የማይከፈት በር ሲሆንባት ዘዴ ፈጠረች። የአክስቷ ልጅ አትክልት ቤት አለው። ከሱቁ ጥግ አንዲት ሜትር ከስኩዌር የማትሞላ ቦታ እንዳከራያት ተደርጎ ውል ተጻፈ፤ ተረጋገጠ፤ ፈቃዱም ወጣ። አሁን ማኅተም አላት፤ ደረሰኝ አላት፤ ፕሮፎርማ ታስገባለች፤ ግብሯን በየዓመቱ ትከፍላለች። የመስታወቱ በር ባለቤትም ሢሶውን መወርወር ተወ። «ቢሮሽን እንየው» የሚል ሲመጣ፣ ሽንኩርት እየመዘነ ያለው የአክስቷ ልጅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ያሳየውና «አሁን ወጣ ብላለች» ይለዋል። እሷ ያን ሰዓት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እቤቷ፣ የአንዱን ዶክተር ዓረፍተ ነገር ከሦስት እየከፈለች ነው።