ካሊፐሩ ተቀየረ፤ ዘይቱስ?

ነክሶ የቀረ ካሊፐርን በግቢ ውስጥ መቀየር ነውር የለበትም፤ ነውሩ ካሊፐሩን ቀይሮ በአሮጌው የፍሬን ዘይት መንዳት ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን የመፍላት ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ዝናብና ሙቀት ለሚፈራረቁበት ጋምቤላ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። «ከተማው ሜዳ ነው፣ ፍሬኑን ምን ያግለዋል?» የሚል አይጠፋም። ወደ መቱ የወጣ መኪና ግን መመለሱ አይቀርም። 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ጎሬ ተነስቶ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ወዳለችው ጋምቤላ ሲወርድ፣ የነከሰው ካሊፐር ዲስኩን እያጋለ ዘይቱን ሊያፈላው ይችላል፤ ያኔ ፔዳሉ እግር ስር ይሰምጣል። በከባድ ማርሽ መውረድ ይረዳል፣ የነከሰውን ግን አያላቅቅም።

«ለመካኒክ ይተው» የሚሉትም ከመሬት ተነስተው አይደለም። ሆኖም ጋራዥ መግባት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ወሳኙ የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው፣ እሱን ደግሞ ባለመኪናው ቆሞ ማየት ይችላል። የግራው ካሊፐር በስህተት ቀኝ ጎማ ላይ ከታሰረ የአየር ማስወጫው ወደ ታች ይዞራል፤ አየር ወደ ላይ ስለሚሸሽ ፔዳሉ ቀኑን ሙሉ ቢረገጥ አይወጣም። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ማስወጫውን ከፍቶ፣ እግር ከመነሳቱ በፊት ይዘጋል። ጫፉ ዘይት ውስጥ የተነከረ ቀጭን ቱቦ አረፋው ማለቁን ያሳያል። ይህ ሁሉ ሆኖ ፔዳሉ ካልጠነከረ መካኒክ የሚጠራው ያኔ ነው፤ መኪናውም መካኒኩ እስኪመጣ ከግቢ አይወጣም።