«ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «ድንጋዩ እንዴት ነው?» እንበል

«ነዳጅ ተገኘ» የሚል ዜና ስልካችን ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ኮመንቱ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ዱባይ ልንሆን ነው» ይላል፤ ግማሹ «የተለመደ ወሬ ነው» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም ወገን ግን አንድ ጥያቄ ይዘላል ባይ ነኝ፦ ድንጋዩ እንዴት ነው?

ብዙዎቻችን ነዳጅ ሲባል ከመሬት ሥር የተኛ ጥቁር ሐይቅ ይታየናል። እንደዚያ አይደለም። ድፍድፍ ዘይቱም ጋዙም ያለው ድንጋይ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ከጉድጓድ የወጣውን ድንጋይ ላብራቶሪ አስገብተው ሁለት ነገር ይለካሉ። አንደኛው ፖሮሲቲ ነው፤ ከድንጋዩ ስንት በመቶው ባዶ ቦታ ነው? ሁለተኛው ፐርሚያቢሊቲ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ተገናኝተው ፈሳሽና ጋዝ ያሳልፋሉ ወይ?

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘውን ፑሚስ ድንጋይ ውሰዱ። ሁለመናው ቀዳዳ ነው፤ ግን ብዙዎቹ ቀዳዳዎች በደንብ ስለማይገናኙ ውሃ ቶሎ አይገባውም፣ ይንሳፈፋል። መቶ ክፍል ያለው፣ በር ግን የሌለው ቤት በሉት። ጋዝ እንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ ቢሞላ «አለ» ይባላል እንጂ በቀላሉ አይወጣም።

ወደ ኦጋዴን እንምጣ። የካሉብና የሂላላ ጋዝ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቴኔኮ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው የተገኘው። ካሉብ ላይ ጋዝ ከያዙት ድንጋዮች አንዱ «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ» ይባላል። አዎ፣ ስሙ ከአዲግራት ከተማ ነው የመጣው፤ ትግራይ ውስጥና በዓባይ ሸለቆ ገደሉ ላይ ወጥቶ ይታያል። ኦጋዴን ላይ ግን በኪሎ ሜትር በሚቆጠር ጥልቀት ተቀብሯል። እዚያ ታች ከላይ ያለው ክብደት የአሸዋውን ቅንጣቶች ይጨምቃቸዋል፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ውሃ የሚተወው ማዕድንም እንደ ሲሚንቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ስለዚህ ገደል ላይ ያየነው ድንጋይ ታች ስላለው ወንድሙ ሙሉ ምስክር አይሆንም። በየጉድጓዱ መለካት የግድ ነው።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ 7 ትሪሊዮን ኩቢክ ጫማ ጋዝ መኖሩ በአሜሪካ አማካሪ ድርጅት መረጋገጡን ማዕድን ሚኒስቴር አሳወቀ። ሁላችንም ቁጥሩን ሼር አደረግን። ከቁጥሩ ውስጥ ስንቱ ሊወጣ ይችላል፣ አንድ ጉድጓድስ በቀን ስንት ይሰጣል ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አላየሁም። መሬት ውስጥ ያለና ከመሬት የሚወጣ አንድ አይደለም። ከዘይት ማሳዎች ብዙውን ጊዜ ሲሶው ገደማ ነው የሚወጣው፤ ጋዝ የተሻለ ነው፣ እሱም ድንጋዩ ሲፈቅድ።

በእርግጥ ካሉብ ግማሽ ምዕተ ዓመት የጠበቀው በድንጋዩ ብቻ አይደለም። ጦርነት፣ የገንዘብ እጥረት፣ የተቋረጠ ውል፣ ከባሕር መራቅ፣ ሁሉም አለበት። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ግን የካሉብ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቋል። ከዚህ በኋላ ጉድጓዶቹ ለስንት ዓመት በጥሩ ግፊት እንደሚሰጡ ዋናው ወሳኝ ድንጋዩ ነው።

ስለዚህ መንግሥትም ኩባንያውም ትልቁን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የድንጋዩን ውጤት፣ የፍሰት ሙከራውንና ሊወጣ የሚችለውን መጠን በሚገባን ቋንቋ ያውጡልን። የጂኦሎጂ ተማሪዎቻችንም ናሙናውን በእጃቸው ይዘው ያጥኑት። ሀብቱ የሕዝብ ከሆነ ልኬቱም የሕዝብ ነው። እኛም በሚቀጥለው ዜና ሥር «ዱባይ» ወይም «ወሬ» ከመጻፋችን በፊት «በቀን ስንት ይፈስሳል?» ብለን እንጠይቅ።