ጽዋው ከመግባቱ በፊት

ባለፈው ክረምት፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ 19፣ ከአጥር ማዶ ካሉት ጎረቤቴ ጋር ቃል ሳንለዋወጥ ከረምን። አምቦ ላይ የእኔ ግቢ ከፍ ካለው በኩል ነው፤ የእሳቸው ከሥር ነው፤ ከእሳቸው ወዲያ መሬቱ ወደ ሁሉቃ ወንዝ ያዘቀዝቃል። ግንቦት ላይ ግቢዬን ላስተካክል ብዬ አፈር አስመጥቼ አስደለደልኩ። አፈሩ በአጥሩ ሥር ይወርድ የነበረውን የድሮ ቦይ ደፈነው። መድፈኑን አይቻለሁ። ክረምቱ ሳይገባ እከፍተዋለሁ ብዬ ተውኩት።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለው ሌሊት ነው። ጎርፉ መሄጃ ሲያጣ በአጥሩ ሥር ሰርጎ ማድ ቤታቸው ገባ። ለክረምት ያከማቹትን እንጨትና ኩበት አጠበው፤ ግድግዳው ሥር የቆመውን የጤፍ ጆንያ አራሰው። ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ፤ ሄድኩ። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት የሆናቸው፣ ልጆቼን በእጃቸው ያጠቡ ሴት ናቸው። ጆንያው ከሥሩ ጠቁሯል። አላማረሩም፤ «እየው» ብቻ ነው ያሉኝ። እኔ ግን አፌ ላይ የመጣልኝ፣ «ውሃ እኮ ቁልቁል ነው የሚወርደው፤ እኔ ምን ላድርግ?» የሚል ነበር።

ያንን ቃል ዛሬም አልረሳሁትም። ውሸት የለበትም፤ ውሃ ቁልቁል ነው የሚወርደው። እውነት የሆነ ነገር ተናግሮ መበደል እንደሚቻል የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቡና ጠጡ መባባሉ ቀረ። ሙቀጫቸው ሲወቀጥ እሰማለሁ፤ ቡናው ሲቆላ ሽታው በአጥሩ ያልፋል፤ ጥሪው ግን አይመጣም። እኔም ጠዋት ስወጣ በራቸው ፊት ማለፍ ትቼ በላይኛው መንገድ ዞሬ ባጃጅ መያዝ ጀመርኩ።

በዚህ መሐል ፍልሰታ ገባ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለቱን ሱባኤ በሥርዓቱ ጾምኩ። ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አልቀመስኩም፤ ጥሉላት ቤቴ አልገባም። ሴትዮዋም እዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ በሴቶች በኩል፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ቆመው አያቸው ነበር። ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ብሎ ሲያዝ በግራና በቀኝ ለቆሙት፣ ስማቸውን ለማላውቃቸው ሰዎች፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። እነዚያ ሰዎች ምንም አልበደልኳቸውም፤ ሰላም የጎደለኝም ከእነሱ ጋር አልነበረም። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ከሆድ አልፎ ዓይንን፣ ጆሮንና አንደበትን ሁሉ ወደ ጾሙ ይጠራል። የእኔ አንደበት ደግሞ ዝም በማለት ነበር የሚበድለው።

እንግዲህ ስለ ክርስቲያናዊ ምግባር ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ልብ ነው። ልብህን አንጻ፣ በልብህ ይቅር በል ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ልቤ ሁለት ወር የሚጠጋ ጊዜ ነበረው፤ ምንም አላደረገም። ያንቀሳቀሰኝ ልቤ አይደለም፤ ቀን ነው። ነሐሴ 21።

እኔና ጎረቤቴ የአንድ ጽዋ ማኅበር አባላት ነን፤ በየወሩ በ21 በእመቤታችን ስም እንሰበሰባለን። ሐምሌ ላይ ሰበብ ፈልጌ ቀረሁ። ነሐሴ ላይ ግን ጽዋውን የምረከበው እኔ ነበርኩ፤ መስከረም 21፣ የብዙኃን ማርያም ዕለት፣ ማኅበሩ የሚገባው እኔ ቤት ነው። በዚህ አገር የጽዋን ወግ የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ያም ሆኖ ልጆቻችን ጠላውንና ዳቦውን እንጂ ሕጉን እየረሱት ስለመጡ ልናገረው። የተጣላ ሰው ጽዋ አይጠጣም። ከማኅበርተኛው የተቀያየመ ካለ ጽዋው ሳይቀዳ መጀመሪያ ይታረቃል። ማኅበሩን የሚያስተባብረውን ሰው ሙሴ እንለዋለን፤ ዋና ሥራው መዋጮ መሰብሰብ አይደለም፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ማወቅ ነው።

የእኛ ሙሴ ነሐሴ 19 ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል መጡ። ሻይ አልፈለጉም። «ከነገ ወዲያ ጽዋውን ይዘህ ትገባለህ» አሉ። አዎ አልኩ። «ከታች ካሉት ጋር እንዴት ናችሁ?» አሉ። ልጀምርላቸው ስል፣ ማን ምን እንዳለ ላስረዳ ስል፣ እጃቸውን አነሡ። «እሱን ኋላ ትነግረኛለህ። ቦዩን አሳየኝ።»

ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ውስጥ ገቡ። በዱላቸው አፈሩን እየወጉ የድሮው ቦይ የት ድረስ ይሄድ እንደነበር ፈለጉት። ሲያገኙት ቀና ብለው፣ «ይሄ ሳይከፈት ይቅርታ ብትል ማን ይሰማሃል? ነገ ሌሊት ቢዘንብ ይቅርታህ ማድ ቤታቸው ይገባል» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም፤ ጥቅስም አልጠቀሱም።

ዶማና አካፋ ይዤ ገባሁ። የሴትዮዋ ትንሹ ልጅ መካነ ኢየሱስ ነው የሚያመልከው፤ የእኛ ጽዋ አይመለከተውም። ግን ድምፅ ሰምቶ በእነሱ በኩል ወጣና ከታች ወደ ላይ ይቆፍር ጀመር። ሁለታችንም ዝም ብለን ቆፈርን። ግማሽ ላይ ስንደርስ እናቱ ወጥተው ከማድ ቤቱ ደጃፍ ቆሙ፤ ለረጅም ጊዜ አዩን። ከሁለት ወር ዝምታ በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «ያንን ትልቁን ድንጋይ ወዲህ አድርገው፤ አለዚያ አፈሩ ተመልሶ ይናዳል» የሚል ነበር። ድንጋዩን ወዲያ አደረግሁት።

ነሐሴ 21 ማኅበሩ ፊት ተነሥቼ በደሌን ተናገርኩ። እሳቸው፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ካህኑ ዳቦውን ባረኩ፤ ጽዋው ተቀዳ።

ይቅርታ የሚለው ቃል ከ«ቀረ» የመጣ ነው። ይቅር ያለ ሰው ሊመጣ የሚችል ነገር እንዲቀር ነው የፈቀደው፤ ክሱ፣ ብቀላው፣ ኩርፊያው ይቅር። ይህን ያህል ክብደት ያለውን ቃል ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ሰው ስንገፋ፣ ስልክ ሳናነሣ ስንቀር እንወረውረዋለን። አባቶቻችን ቃሉን ብቻውን አይልኩትም ነበር። በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ነበር የሚመጣው፤ የይቅርታን ክብደት ትከሻ እንዲያውቀው።

በእኛው አገር፣ በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ፣ ይህንኑ በትልቁ የሚያሳይ ሥርዓት አለ፤ ጉማ። ነፍስ ሲጠፋ የገዳይ ወገንና የሟች ወገን በአንድ ገበያ አይውሉም፣ በአንድ ለቅሶ አይቀመጡም፣ ከአንድ ምንጭ አይቀዱም። ጃርሳ ቢያ፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ እርጥብ ሣር ይዘው የሟች ቤተሰብ ደጅ ይጠናሉ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ይመለሳሉ፣ ይባረራሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። በዳይ ያደረገውን አድርጌያለሁ ብሎ ማመን አለበት። ካሣው ይቆረጣል፤ ካሣው የሰው ዋጋ አይደለም፣ የሰው ዋጋ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ በደሉ መኖሩን የሚመሰክር ነው። በመጨረሻ እንስሳ ይታረዳል፣ ደሙን ከእጃቸው ይታጠባሉ፣ አብረው ይበላሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን መንግሥት የራሱን ክስ አይተውም፤ በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ነፍስ ያጠፋ ሰው ቤተሰብ ስለታረቀ ብቻ ነጻ ይውጣ አይልም። ሰውየው ማረሚያ ቤት እያለም ቢሆን ግን ጉማ ይወጣል፤ ልጆቹ ከሟች ልጆች ጋር አንድ ትምህርት ቤት መማር አለባቸውና። ጉማ ከገዳ ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ነው። ከጌዶ አቅራቢያ ያለው ኦዳ ቢሲል የሜጫ የገዳ ማዕከል ነው፤ የገዳን ሥርዓት ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም ሲመዘግበው በብዙ ቦታ ስለ አስተዳደሩ ተወራ። እኔ ስለዚህ ስለ ደጅ ጥናቱ ብዙ ቢነገር እወድ ነበር።

ጉማ የመጣው ከወንጌል ሰባኪዎች አይደለም፤ ከእነሱ በፊት የነበረ ነው። ዛሬ ግን ሣሩን ይዘው ከሚቆሙት ሽማግሌዎች መካከል በእሑድ ቅዳሴ የሚያስቀድሱም፣ በእሑድ ጉባኤ የሚዘምሩም አሉ። ክርስቶስ በተራራው ስብከት መባ ይዘህ ስትመጣ ወንድምህ የሚከስህ ነገር እንዳለ ብታስብ መባውን ትተህ ሂድ፣ ታረቅ፣ ከዚያ ተመለስ ማለቱን ሁሉም ያውቁታል። ልብ ብላችሁ እዩት፦ የተበደልከው ካለ አላለም፤ የበደልከው ካለ ነው ያለው። እግሩን ማንሣት ያለበት በዳይ ነው። ዘኬዎስም ጌታን ቤቱ ሲቀበል ንስሐው በእንባ አላበቃም፤ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ።

ይህን የማነሣው በዕርቅ ስም የሚሠራ ሌላ በደል ስላለ ነው። ባሏ የደበደባት ሴት ሽማግሌ ፊት ተቀምጣ «ስለ ልጆችሽ ብለሽ ቻይው» ስትባል ሰምቻለሁ። ባልየው አንድ ቃል አላመነም፤ አንድ ነገር አልካሰም፤ ጉልበት ስለሳመ ብቻ ተመልሶ ገባ። ያ ይቅርታ አይደለም፤ ቦዩ እንደተደፈነ ጽዋ መጠጣት ነው። በደቡብ አፍሪካ በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ይመራ የነበረው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ምሕረት ለሚጠይቅ ሰው ያደረገውን ሁሉ ሳይደብቅ መናገርን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ነበር፤ በዚህ ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። ለተጎጂዎች የተባለው ካሣ ግን ዘገየ፣ አነሰም፤ ብዙዎች እስከ ዛሬ የሚያዝኑት በዚያ ነው። እኔ ሽማግሌ ተብዬ ብቀመጥ መጀመሪያ ጭቃው ውስጥ እገባለሁ፤ ማን ምን እንዳለ ኋላ ይወራል።

በቅርብ ዓመታት በማኅበሮቻችን የማየው ነገር ያሳስበኛል። መዋጮ በስልክ ይላካል፤ የተኳረፈ ሰው ልጁን ልኮ ዳቦውን ያስወስዳል፤ ሙሴውም ጥያቄውን እያፈረ ይተወዋል። ሰው ሲበዛና ኑሮ ሲጣደፍ እንዲህ መሆኑን እረዳለሁ። ግን ጥያቄው ከተተወ ማኅበሩ ድግስ ብቻ ይሆናል፤ ድግስ ደግሞ ሆቴልም አለ። እድራችንም እንዲሁ ነው። በእኛ ሰፈር እድር ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም አንድ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት የጾምና የፍስክ ወጥ በየድስቱ ይሠራል፤ ማንም ማንንም አያስጨንቅም። ይህን ያህል ጨዋነት ያለው ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ድንኳን ሥር ጀርባ ተሰጣጥተው ሬሳ ሲሸኙ ማየት ያሳዝናል። በቅዱስ ቁርባን ፊት ራስን መመርመር በጎረቤቴ ልጅ ቤተ ክርስቲያንም አለ፤ አካፋውን ይዞ ሲወጣ የእኛን ሕግ አላጣውም።

ጤፉ ቀርቶ ነበር። ቦዩ ከጽዋው በፊት ተከፈተ፤ ጤፉ ግን ገበያ መጠበቅ ነበረበት። ቅዳሜ አምቦ ገበያ ወርጄ ከጊንጪ በኩል የመጣ ነጭ ጤፍ ግማሽ ኩንታል ገዛሁ። ማድ ቤታቸው አስገብቼ ግድግዳው ሥር፣ የድሮው ጆንያ በነበረበት፣ አስደግፌ አቆምኩት። እሳቸው አዩት፤ ከዚያ ጓዳ ገብተው ቁናቸውን ይዘው ወጡ።

«የተበላሸው ከሥር ያለው ነው» አሉ። «ከላይ ያለውን ፀሐይ ላይ አስጥቼ አድርቄ በልቼዋለሁ።»

ግድ የለም፣ ይቆይ አልኳቸው። አልሰሙኝም። ጎንበስ ብለው የጆንያውን አፍ ፈቱና በቁናው እየሰፈሩ ወደ ሌላ ከረጢት ይገለብጡ ጀመር፤ እያንዳንዱን በእጃቸው አስተካክለው፣ በአፋቸው እየቆጠሩ። አራት ቁና ለራሳቸው አስቀሩ። የቀረውን አፉን አስረው ወደ እኔ ገፉት። ተሸክሜው በአጥሩ በር ወጣሁ፤ ከኋላዬ፣ «ባለቤትህን ቡና ሊፈላ ነው በላት» የሚል ድምፃቸው ደረሰኝ።