ነጥብ የማይቆጠርበት አንድ ሰዓት ይኑረን

በሰፈራችን ማኅበር አዳራሽ ያለው የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ወጣቱ ከብቦት ይውላል፤ ይህም ደስ ያሰኘናል። ይሁን እንጂ «ተሸናፊ ይውጣ» የሚለው ልማድ ጀማሪዎችን እየጎዳ መሆኑን መግለጽ እንወዳለን።

አንድ ጨዋታ እስከ 11 ነጥብ ነው። ጀማሪው አንድ ሰዓት ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ከጎበዙ ጋር ይገጥምና በሦስት ደቂቃ ተሸንፎ ወደ ሰልፉ ጭራ ይመለሳል። ታዲያ መቼ ይማር? ሁለት ሦስቴ እንዲህ የሆነ ልጅ በአራተኛው አይመጣም። ጎበዙም ቢሆን በዚያችው በለመዳት ምት እያሸነፈ አዲስ ነገር አይጨምርም።

መሠረቱ ከባድ አይደለም። ራኬቱን እንደ ሰላምታ እጅ ላላ አድርጎ መያዝ፣ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ መቆም፣ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ቶሎ ወደ ቦታ መመለስ ነው። ኳሷ 2.7 ግራም ብቻ ናትና በኃይል መደብደብ አያስፈልግም። ሰርቪስ ሲጀመርም ኳሷ ከተዘረጋ መዳፍ ቢያንስ 16 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ መወርወር አለባት፤ ከእጅ ላይ መትቶ መላክ በደንቡ አይፈቀድም። ይህ ሁሉ የሚለመደው ሁለት ሰዎች ሳይሻሙ፣ ኳሷን እየተቀባበሉ ሲደጋግሙት ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ነጥብ የማይቆጠርበት ይሁን፤ አንድ ጎበዝ ከአንድ ጀማሪ ጋር ይቁም እንላለን። ጠረጴዛው የተገዛው በሁላችንም መዋጮ ነው፤ የጥቂቶች መጫወቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።